በሴት በኩል የተቀደደ ሸሚዝ

አባቴ ስትሮክ መቶት ቀኝ እጁ ከሰነፈ ወዲህ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ ነበርኩ። እውነቱን ልናገር፣ ሰልችቶኛል። እሱም ሰልችቶታል። በተለይ እሁድ፣ የአዳማ ቆርቆሮ ገና በጠዋቱ ሲግል፣ እኔ ቸርች እንዳይረፍድብን እጣደፋለሁ፤ እሱ አገጩን ቀና አድርጎ ግድግዳ ያያል። “በገዛ እጁ ያልለበሰ ምኑን ሰው ሆነ?” ይላል። እኔም እቆጣለሁ፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሲቆጨኝ ይውላል።

በመጨረሻ፣ በአንድ እጁ ሊቆልፈው የሚችል ሸሚዝ ይኖር እንደሆን ጎረቤታችንን አማከርኳቸው። የሴቶች ቀሚስ የሚሰፉ የወሎ ሰው ናቸው። ሰፊ ሸሚዝ ሰፉልኝና ትልልቅ ቁልፎች አስመረጡኝ፤ የቁልፉን ቀዳዳ ግን “አንቺው ትሠሪዋለሽ” አሉ። በጠመኔ ማመልከት፣ ዙሪያውን በእጅ ጥቅጥቅ አድርጎ መስፋት፣ መቅደድ መጨረሻ ላይ ነው። መች ሰማሁ! ለመለማመጃ በሰጡኝ ብጣሽ ላይ ቀድሜ ቀደድኩና ጨርቁ ተተረተረ።

“አስር ጊዜ ለክቶ አንዴ መቁረጥ ነበር የሚባለው፤ አንቺ አንዴም ሳትለኪ አስሬ ቆረጥሽ” ብለው ሳቁብኝ።

ከሥራ መልስ እሳቸው ቤት እየተቀመጥኩ፣ ዓይኔ እየተጨናበሰ፣ አምስቱን ቀዳዳ በሁለት ሳምንት ጨረስኩ።

እሁድ አባቴ ሸሚዙን አገላብጦ አየው። “ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ የሴት ነው” አለኝ።

እውነቱን ነው። የወንድ ሸሚዝ ቀዳዳው በግራ ነው፤ እኔ ጎረቤታችን ቤት እፊቴ የተሰቀለውን የሴት ቀሚስ እያየሁ በቀኝ ሠርቼዋለሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ አልኩ። ለማልቀስ እንኳ ደክሞኝ ነበር።

“አምጪው” አለ። እጅጌውን አስገባሁለት። ቁልፉ በግራ በኩል ስለሆነ ደህናው ግራ እጁ አገኘው። ገፋው፣ አመለጠው፣ እንደገና ገፋው፤ ገባ። እጄ ሊረዳው ሲነሳ በዓይኑ መለሰኝ። አምስተኛውን ሲጨርስ ግንባሩ በላብ ርሶ ነበር።

“በሴት ሸሚዝ ቸርች ልትሄድ ነው?” አልኩት።

“ጌታ ልብ እንጂ ቁልፍ አያይም” አለና ከላይ እስከ ታች ተመለከተኝ። “በይ፣ አንቺም ልበሺ።”

የቤት ቀሚሴን እንደለበስኩ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እሱን አልብሼ ስጨርስ፣ እጄ የገባውን ደርቤ ነበር የምሮጠው። ቁምሳጥኑን ከፍቼ ብዙ ቆምኩ። የምለብሰውን መምረጥ ረስቼዋለሁ።