አልወጣም የተባለው አሥራ አንድ ቁጥር

ሳይረኑ ሲጮህ ኤርሚንዳ ኦያርሱን መጀመሪያ የምታደርገው ነገር ማስመለስ ነው። ከጀልባ ትኬት መሸጫዋ ጀርባ አንዲት የተሰነጠቀች ባልዲ አለች። እዚያ ላይ ጎንበስ ትላለች፣ አፏን በእጇ ጀርባ ትጠርጋለች፣ ከዚያ ሄልሜቷን ታጠልቃለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ናት። የመጨረሻዎቹን ስድስት ዓመታት ካፒቴን ሆና ነው ያስመለሰችው።

ጀግና ፈልጎ የመጣ አንባቢ ካለ መንገዱን ስቷል። ጀግና የሚመረተው በንግግር አዳራሽ ነው፤ እዚህ ያለችው የምትፈራ ሴት ናት።

ፑዌርቶ ካሁዌል ግድግዳው እንጨት፣ ጣራው እንጨት፣ በምድጃው የሚነደውም እንጨት ነው። በእኛ ከተማ ቤትንና ማገዶን የሚለየው ሰዓቱ ብቻ ነው። እሳቱን የምናጠፋው ደግሞ እኛው በጎ ፈቃደኞች ነን። ደሞዝ የለንም። እንዲያውም እሳት ውስጥ ለመግባት በየወሩ መዋጮ እንከፍላለን፤ መዋጮውን ያላመጣ የመቃጠል መብቱ ይታገዳል። ለመኪናው ነዳጅ ቢንጎ የሚባለውን የቁጥር ዕጣ እናጫውታለን፣ ለቦት ጫማው ቋሊማ በዳቦ እንሸጣለን።

በእኛ ጓድ፣ በሁለተኛው የእሳት አጥፊዎች ጓድ፣ ሹመት ሁሉ በድምፅ ነው። ዳይሬክተርነት ማለት ሜዳሊያ ማንጠልጠልና ንግግር ማድረግ ስለሆነ ለእሱ በየዓመቱ አምስት ሰው ይፋጃል፤ ወንድማማቾች የተኳረፉበት ጊዜ አለ። ካፒቴንነት ግን በሚነድ ቤት ደጃፍ ቆሞ «ግባ» እና «ውጣ» ማለት ነው። ለእሱ ከኤርሚንዳ ሌላ እጩ ቀርቦ አያውቅም። ምርጫው ሲደርስ ጀግኖቻችን ሁሉ ጫማቸውን መመርመር ይጀምራሉ።

አንድ ጊዜ የምትፈራው ምኑን እንደሆነ ጠየቅኳት። እሳቱን አይደለም አለችኝ። «ስም ጠርቼ ዝም እንዳይለኝ ነው። የጎረቤቴን ልጅ ግባ ብዬ ልኬ፣ ሌላው ሁሉ ወጥቶ የሱን ስም ስጠራ ዝም ካለ፣ ለእናቱ ምን እላታለሁ? ደሞዙን በልቷል እንዳልል ደሞዝ የለውም።»

ለዚህ ነው መለያው ላይ ድርቅ የምትለው። ደንቡ ቀላል ነው። እሳት ውስጥ የሚገባ ሁሉ የግሉን የብረት መለያ በመኪናው ጎን ባለው ሰሌዳ ላይ ይሰቅላል፤ ሲወጣ ያወርዳል። ሰሌዳው ላይ መለያ ካለ ሰው ውስጥ ነው። ሰሌዳው ባዶ ከሆነ ካፒቴኗ ትተነፍሳለች።

ችግሩ ሰሌዳው ባዶ ሆኖ አያውቅም ነበር። በአምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት የወደቡ መጋዘን ሲቃጠል አላዲኖ ቬራ የሚባል በጎ ፈቃደኛ ገብቶ አልወጣም። አልወጣምና መለያውን የሚያወርደው አልተገኘም። አባቶቻችን ያቺን ጥቁር የብረት ቁራጭ «ሰማዕታችን ገና ግዳጅ ላይ ነው» ብለው እዚያው ተዋት። ከዚያ ወዲህ ባለው እሳት ሁሉ አላዲኖ ተሰቅሎ ይሄዳል። ጥቁርና ጠማማ ስለሆነች ሁላችንም እናውቃታለን፤ ስንቆጥር እንዘላታለን።

ኤርሚንዳ ይህን አልወደደችውም። «በጭስ ውስጥ የሚዘለል ነገር አልፈልግም» አለች። ሁለት ዓመት ተሟገተች። ሽማግሌዎቹ ሙት ወቃሽ አሏት፤ አንዱማ ሰላምታዋንም ነሳት። በስተመጨረሻ ጉባኤው በሁለት ድምፅ ብልጫ ተስማማ፤ ጥቁሯ መለያ መቶኛ ዓመታችን ሲከበር በክብር በመስታወት ሣጥን ውስጥ ትቀመጥ ተባለ። ኤርሚንዳ በስብሰባ ያሸነፈችው ያን ቀን ብቻ ነው። ያንንም ዳይሬክተሩ አበላሸው።

ዳይሬክተራችን ዶን ዌንሴስላኦ ባሪየንቶስ የእንጨት ነጋዴ ነው። ማለት የሚቃጠለውንም የሚሸጥልን እሱ ነው። ለመቶኛው ዓመት አርባ አዲስ የነሐስ መለያ አሠርቶ ሰጠን። በፊት ለፊቱ የማን ስም የተቀረጸ ይመስላችኋል? የባለቤቱ? «የዶን ዌንሴስላኦ ባሪየንቶስ ስጦታ» ይላል። እሳት ውስጥ የሚገባው ሰው በጀርባ በኩል ቁጥር ሆኖ ተቀመጠ። ዶን ዌንሴስላኦ በሕይወቱ እሳት የገባው ሲጋራ ሲለኩስ ብቻ ነው፤ ይኸው አሁን በሁሉም እሳት አርባ ጊዜ ይገባል።

ቀኑ ሲከበር አሥራ አራት ገጽ ንግግር አነበበ። ኤርሚንዳ ጓዳ ውስጥ ለሦስት መቶ ሰው ዳቦ ትሰነጥቅ ነበር። እኛ ደግሞ አዳራሽ ተቀምጠን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንቀላፍተናል፤ እኔ ራሴ አገጬ ደረቴ ላይ ነበር። አጨብጭቡ ሲሉን አጨበጨብን።

ከአምስት ሳምንት በኋላ በነሐሴ፣ አዲሶቹ መለያዎች ከመጡ ወዲህ የመጀመሪያው እሳት ተነሣ፤ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ የዶኛ ዙኒልዳ ባለ ሦስት ፎቅ ማረፊያ ቤት ከምድጃው ጭስ ማውጫ ጀምሮ ተያያዘ። የሰሜን ነፋስ ዝናቡን አግድም እየነዳ ነበር። ዝናብ እሳት ያጠፋል የሚል ሰው የሰሜኑን ነፋስ አያውቀውም።

እንግዶቹ ሁሉ ወጥተው ነበር። የእኛ አምስት ሰው ገባ። ከድልድይ ማዶ አንደኛው ጓድ ሊረዳን መጣ፤ ከትርፍ መለያዎቻችን እየወሰዱ ሰቅለው እነሱም ገቡ። ሩብ ሰዓት ያህል ውሃ ረጩ። ከዚያ ቤቱ አቃሰተ። እንጨት ሊወድቅ ሲል የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ ሰው ከእንቅልፉ ሲነሣ እንደሚያቃስተው ዓይነት። ኤርሚንዳ ጡሩምባውን ሦስት ጊዜ ነፋች። ሁሉም እየሳለ ወጣ፤ እጁን ሰደድ እያደረገ መለያውን አወረደ።

ሰሌዳው ላይ አንድ ነሐስ ቀረ።

ኤርሚንዳ ገለበጠችው። አሥራ አንድ።

«አሥራ አንድ ቁጥር የማን ነው?» አለች።  ሁሉም የራሱን መለያ ገልብጦ ቁጥሩን አየ፤ የማንም አልነበረም። የእያንዳንዳችንን ስም ጠራች። «አለሁ»፣ «አለሁ»፣ «አለሁ»። የእኛ ሁሉ አለ። ፊቷ እንደ ዱቄት ሆነ። የሷ ሰዎች ከተገኙ የሌላ እናት ልጅ ነው ውስጥ ያለው ማለት ነው።

ወደ አንደኛው ጓድ ሰዎች ዞረች። «ስንት ሆናችሁ መጣችሁ?»

ኤሊሴር የሚባል ቀይ አፍንጫ ያለው ሰውዬ ጓደኞቹን በጣቱ ቆጠረ። «ስድስት ነበርን መሰለኝ። አሁን አምስት ነን።»

«መሰለኝ ምንድን ነው? ማነው የጎደለው?»

«ትሪስታን። እኔ ከኋላችሁ ያለ መስሎኝ ነበር። የእናንተን መለያ ሲሰቅል ግን ያየሁት መሰለኝ።»

«መሰለኝ፣ መሰለኝ! ድንጋይ ይምሰልህ!»

ሦስተኛው ፎቅ መስኮቱ ፈነዳ። ሕዝቡ ወደ ኋላ ሸሸ። ኤርሚንዳ ዓይኗን በእኛ ላይ ስታዞር እኔ፣ ይቅር ይበለኝ፣ የሚያንጠባጥብ የውሃ ጎማ ለመጠገን ተንበረከክሁ። ያልተበላሸ ጎማ ነበር። ራሷ እንዳትገባ ደንቡ ይከለክላል፤ ካፒቴን ከገባ ጡሩምባውን የሚነፋ የለም። በጀርባው ባዘለው ሲሊንደር ውስጥ የሚተነፍሰው አየር የቀረው፣ ቤቱንም በጨለማ የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር፤ በየማለዳው ለዶኛ ዙኒልዳ ጓዳ ዳቦ የሚያደርሰው ጋጋሪው ሮሳሜል ካርካሞ። የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሣችው ኤርሚንዳ ናት።

«አበልጄ» አለችው፤ ሌላ አልጨመረችም።

«ዓይንሽን እንዲህ አታድርጊው፣ ያስፈራል» አለ ሮሳሜል ጭንብሉን እያጠለቀ። «ዳቦ ላደርስ እንደገባሁ ቁጠሪው። ስንት ደቂቃ?»

«አምስት። ጡሩምባ ከሰማህ በእጅህ ያለውን ጥለህ ውጣ።»

«ሰውም ቢሆን?»

መልሷን አልጠበቀም። የሃያ ሰባት ቁጥር ነሐሱን ሰቅሎ በጓዳው በር ገባ። ጭሱ ከኋላው እንደ መጋረጃ ተዘጋ።

የሮሳሜል ሚስት ኦርፌሊና ከሴቶቹ ጋር ሆና ለእሳት አጥፊዎች ትኩስ ነገር በማንቆርቆሪያ ይዛ ቆማለች። ባሏ ሲገባ አየች። አልጮኸችም። ማንቆርቆሪያዋን መሬት አስቀምጣ ኤርሚንዳን ማየት ጀመረች። ዓይኗን አልነቀለችም። ኤርሚንዳ አንድ ዓይኗን ሰዓቱ ላይ፣ አንዱን ሰሌዳው ላይ አድርጋ ቆመች።  አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። ከውስጥ የሆነ ነገር ተንኳኳ፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ሁላችንም ሰማነው። ኤሊሴር አማተበ።

በዚህ መሐል የአላዲኖ ታናሽ ወንድም፣ የሰማንያ አራት ዓመቱ ዶን ሴፌሪኖ፣ ከዘራውን እየተመረኮዘ ደረሰ። በየእሳቱ ይመጣል፤ ማንም አይሰማውም።

«ልጄ፣ ሰው ውስጥ አለ እንዴ?» አላት።

«አዎ፣ ዶን ሴፌሪኖ። ወደ ኋላ ይበሉ፣ እባክዎ።»

«ማነው?»

«አላውቅም! አሥራ አንድ ቁጥር ነው!»

ሽማግሌው ፈገግ አለ። እንዲያ ያለ ፈገግታ እንደገና ማየት አልፈልግም። «አሥራ አንድማ ወንድሜ ነው። አላዲኖ። ዌንሴስላኦ በንግግሩ ተናግሮ የለም? ሰማዕታችን ከሰሌዳው አይለይም ብሎ አዲስ መለያ አሠርቶ ሰቀለለት። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ነበር። አልቅሻለሁ እኮ።»

 ኤርሚንዳ ጡሩምባውን አፏ ላይ አድርጋ ነፋች፣ ነፋች፤ የት ማቆም እንዳለባት ጠፋት። ጡሩምባው ገና ሲጮህ ሦስተኛው ፎቅ ሁለተኛው ላይ ተቀመጠ፤ ሁለቱ ተያይዘው አንደኛው ላይ። ፍንጣሪው መንገዱን ተሻግሮ በሕዝቡ ላይ ዘነበ።

ኦርፌሊና ያን ጊዜም አልጮኸችም። «ለማነው የገባው?» አለች ብቻ። «ኤርሚንዳ፣ ንገሪኝ፤ ባሌ ለማነው የገባው?»

ኤርሚንዳ ስም ጠራች። «ሮሳሜል!»

ዝም።

«ሮሳሜል ካርካሞ!»

ዝም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በባልዲው ላይ ስትፈራው የኖረችው ዝምታ ይኸው መጣ። በአንድ እጇ ሰሌዳውን ይዛ ነበር፤ ኋላ ስናየው ጥፍሮቿ ቀለሙን ፍቀውታል።

ሮሳሜል በባሕሩ በኩል፣ ዳቦ በሚገባባት ጠባብ መስኮት ወጣ። በሆዱ እየተሳበ ወጣ። ሄልሜቱ እንደ ሰም ቀልጦ ግራ ጆሮው ላይ ተጣብቆ ነበር። ሦስት ሰው ጎተተው። ጭንብሉን ሲያነሡለት መጀመሪያ ያለው ይህን ነው፤

«አላገኘሁትም። ላይ ነው ያለው። ሲያንኳኳ ሰምቻለሁ። ሌላ ሲሊንደር ስጡኝ።»

«አበልጄ፣ ሰው የለም» አለች ኤርሚንዳ፤ ተንበርክካ ነበር።

«አለ እንጂ! ጠራሁት፣ አንኳኳልኝ!»

«ምሰሶው ነው፣ አበልጄ። ሰው የለም። አላዲኖ ነው።»

ሮሳሜል ትክ ብሎ አያት። ሳቅ የሚመጣ መስሎን ነበር። ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እጆቹን ለመያዝ ሁለት ሰው አስፈለገ። ይህ ሁሉ ሲሆን ትሪስታን የሚባለው፣ የአንደኛው ጓድ ስድስተኛ ሰው፣ ድልድዩ አጠገብ የውሃውን መክፈቻ ሲጠብቅ ቆይቶ እጁን ኪሱ ከቶ መጣ። «ምን ሆናችሁ?» አለ።

በሳምንቱ ጉባኤ ተጠራ። ዶን ዌንሴስላኦ ተነሥቶ «ሰማዕታችን ወንድማችንን በመስኮቱ መርቶ አወጣው» አለ። ተጨበጨበ። ኤርሚንዳ አሥራ አንድ ቁጥር ከሰሌዳው ይውረድ ብላ ሐሳብ አቀረበች፤ አሥራ ዘጠኝ ለሰባት በሆነ ድምፅ ወደቀባት። «እንግዲያው ሌላ ካፒቴን ምረጡ» አለች። የቀረው ሃያ አምስት ሰው ጫማውን መረመረ። እኔም የጫማዬን ክር ሁለት ጊዜ ፈትቼ አሰርሁ። በዚያው ምሽት፣ ያለ ተቃውሞ፣ በድጋሚ ተመረጠች።

ሮሳሜል ወደ ጓዱ አልተመለሰም። ዳቦውን ይጋግራል። የመጋገሪያው ቆርቆሮ በሙቀት ሲንኳኳ ሥራውን ጥሎ ደጅ ይወጣል ይላሉ። ኦርፌሊና ለኤርሚንዳ ዳቦ ትሸጥላታለች፤ ቃል ግን አትሰጣትም።

ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ሳይረኑ ጮኸ። ኤርሚንዳ ባልዲዋ ላይ ጎንበስ አለች፣ አፏን ጠረገች፣ ሄልሜቷን አጠለቀች። ከዚያ መኪናው ጋ ስትደርስ ሰሌዳው ላይ ካለው ብቸኛ ነሐስ፣ ከአሥራ አንድ ቁጥር ፊት ቆመች፤ ነቀለችውና በቦት ጫማዋ ውስጥ ከተተችው። ስንመለስ ሽማግሌዎቹ መልሰው እንደሚሰቅሉት ታውቃለች። ሁልጊዜ እነሱ ይሰቅላሉ፣ እሷ ትነቅላለች።

በዳቦ ቤቱ በኩል ስናልፍ ሮሳሜል ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር፤ ዱቄት የነካ እጁን በሌለው ጆሮው ላይ አድርጎ። ሁላችንም አየነው። የሚቃጠለውን ቤት በጨለማ የሚያውቅ፣ በየማለዳው ዳቦ የሚያደርስ ሰው ያስፈልገን ነበር። ኤርሚንዳ ስሙን ለመጥራት አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ዘጋችው፤ ለሾፌሩም «ንዳ» አለችው።