ሞተሬን የሞከረልኝ ሰው

ከአባቴ የወረስኩት አሮጌ ሞተር ሳይክል ቀስ ብዬ ስነዳው ደህና ነው፤ ነዳጅ ስሰጠው ግን ያስነጥሳል፣ ይንገጫገጫል። ባለፈው ቅዳሜ መካኒሳ ዳገቱ ላይ ጭራሽ አልሄድም አለኝ። ገና ከመውረዴ መንገደኛው ከበበኝ። እኛ ሰፈር ሞተር ሲበላሽ መካኒክ ያልሆነ ሰው አይገኝም።

«ካርቡሬተሩ ቆሽሾ ነው» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ኧረ አባባ፣ ካንዴላው ነው!» አለች ቲማቲም ሻጯ።

ክርክሩ ሲጦፍ ከረቫት ያሰረ ጎልማሳ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጎ መጣ።

«ሳይነዱት በምን ይታወቃል? ወንድሜ፣ አንዴ ልሞክርልህ።»

ሁሉም «ስጠው እንጂ!» አሉኝ። ሰጠሁት። ቁልቁለቱን ተምዘግዝጎ ወረደና ወደ ለቡ ታጥፎ ጠፋ።

ብንጠብቅ፣ ብንጠብቅ የለም። «እየሞከረ ነው» ብለው አጽናኑኝ። ቲማቲም ሻጯ «ሌባ ነው» ስትል ደግሞ በዚያም ተከራከሩ። የአባቴ ሞተር በገዛ እጄ መሄዱ አንገብግቦኝ ፖሊስ ጋ ልደውል ስል፣ ሰውየው ከረቫቱን ፈትቶ፣ በላብ ተጠምቆ፣ ሞተሬን እየገፋ ብቅ አለ።

መሪውን አስጨበጠኝና አፈጠጠብኝ።

«አንተ እግዜርን አትፈራም? እንዲህ ያለ ሞተር ለሌባ ይሰጣል?»