የክለቡ መርዶ

አባባ ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ የሚመልሱት ስለ ክለቡ ነበር። የት ተወለዱ ሲሏቸው ክለቡ ያለበትን ሸለቆ ይናገራሉ፤ አባትዎ ምን ይሠሩ ነበር ሲሏቸው፣ የክለቡን የበረዶ ሜዳ ያዘጋጁ ነበር ይላሉ። ሱሉልታ ውስጥ ጎረቤቱ ሁሉ ይህን ስለሚያውቅ፣ እንግዳ ካልመጣ በቀር የሚጠይቃቸው አልነበረም። እኔ አብሬያቸው ስለምኖር ሳልጠይቅም እሰማለሁ።

የስዊዘርላንድ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው የመጡት ለአበባ እርሻ የማቀዝቀዣ ክፍል ሊተክሉ ነው። ሆለታ ብዙ ዘመን ሠሩ፣ እዚሁ አገቡ፣ ሚስታቸውን እዚሁ ቀበሩ፣ ጡረታ ሲወጡ ሱሉልታ ገቡ። ለምን ሱሉልታ ሲባሉ "ለብርዱ" ይላሉ። አንዲት ልጅ አለቻቸው። የምትኖረው በአባቷ አገር ቢሆንም አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል።

እኔ ከደቡብ ነው የመጣሁት። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ትቼ ሰበታ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባሁ፤ ብናኙ ደረቴን ሲይዘኝ ለቀቅኩ። ቡራዩ ከአገሬ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ተዳብዬ ሥራ ስፈልግ፣ ቸርች የማውቃት እህት አባባን እንድንከባከብ ወደ ሱሉልታ አመጣችኝ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ልባቸውም በሽተኛ ነው። ሰው ፊት መናገር ስለሚያስፈራኝ ከእሳቸው ጋር መኖር ቀለለኝ፤ ተናጋሪው እሳቸው ነበሩ።

ክለቡን የመሠረቱት በዚያ ሸለቆ ያለው የአባባ መንደር ወጣቶች ናቸው። በብርዱ ወራት ፀሐይ ተራራውን ሳትሻገር ትውላለች፣ ሥራም የለም። ወጣቶቹ ሜዳው ላይ ውሃ በባልዲ ያፈሳሉ፤ ሲነጋ ረግቶ መስታወት ይሆናል። ከዚያ ስለት ያለው ጫማ አድርገው፣ ቆልማማ ዱላ ይዘው፣ እየተንሸራተቱ ጠፍጣፋ ጎማ ያሳድዳሉ። የመጀመሪያውን ማልያ የመንደሩ ሴቶች በሱፍ ሠሩት። ከቀይ ሌላ ቀለም ስላልነበራቸው ቀይ ሆነ። ከታች ያለው ሀብታም ከተማም የራሱ ክለብ ነበረው፣ ማልያው ሰማያዊ። ቀዩና ሰማያዊው በሚጋጠሙበት ሳምንት አማቾች እንኳ አይነጋገሩም ነበር አሉኝ። ኋላ ደመወዝተኛ ተጫዋቾች መጡ፣ ሜዳው ጣሪያ ለበሰ፣ አንድ ጊዜም የአገሩ ሻምፒዮን ሆኑ። ያን ዕለት ሕዝቡ ሜዳ ገብቶ ሲጨፍር የአባባ አባት ዋንጫውን አላዩም። በረዶው በሰው ጫማ ተበላሽቶ ስለነበር ውሃ ሊያዘጋጁ ሄደው ነበር። አባባ እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። "ማቀዝቀዣ የተማርኩት ከሱ ነው" ይላሉ። "እንጀራዬ ከዚያ በረዶ ነው የወጣው።"

ዘበኛችን የሱሉልታ ተወላጅ ነው።

"ይሄማ የገና ጨዋታ ነው!" አላቸው አንድ ቀን። "በእኛ ቂሌ ይባላል። እኛ ሣር ላይ እንፈነካከታለን፣ እናንተ በረዶ ላይ።"

"የእናንተ ቂሌ ደመወዝ አለው?"

"የለውም አባባ፣ መፈንከት ብቻ!"

ቅዳሜ ማታ የሸለቆውን ሬዲዮ በስልኬ እከፍትላቸዋለሁ። ቋንቋውን ባላውቅም ግብ ሲገባ ሰውየው ስለሚጮህ ይገባኛል። ሳምንቱን ሙሉ ምግብ የሚገፉት ሰው ቅዳሜ ይበላሉ። ለዚያች ማታ ብለው ጺማቸውን ያስላጩኛል። ሐኪሙ የሚያዘው መድኃኒት ያን ያህል ሲያነሳቸው አላየሁም።

በእኛ ክረምት ጨዋታ የለም። ሐምሌ ላይ ልጃቸው በእኔ ስልክ ደወለች።

"አጠገብሽ ነው?"

"ተኝተዋል።"

"ክለቡ ከስሮ ፈረሰ። ከታችኛው ከተማ ክለብ ጋር ቀላቅለው፣ በአዲስ ስም፣ በሰማያዊ ማልያ ሊያጫውቱት ነው። መስከረም ላይ ሬዲዮ ስትከፍቺለት በድንገት እንዳይሰማው። እኔ በስልክ አልነግረውም፣ ልቡን ታውቂዋለሽ። ሰው አጠገቡ ሆኖ ቀስ ብላችሁ ንገሩት።"

እንዴት እንደምነግራቸው ጨነቀኝ። ለጎረቤታችን አሮጊት ነገርኳቸው። አዴ ነው የምንላቸው፤ በኦሮምኛ እናቴ እንደ ማለት ነው። እሳቸው ደግሞ የእድራችንን ዳኛ ጠሩ፤ ድሮ የመንግሥት ሠራተኛ የነበሩ የጎንደር ሰው ናቸው። ዝናብ ስለነበር በረንዳችን ላይ ተቀመጡ።

"ለክለብ መርዶ አለ እንዴ?" አሉ ዳኛው። "ሱሉልታም እኮ ከነቡራዩ ከነሰበታ ጋር አንድ ከተማ ተብላ ተጠቃልላለች። ማን አለቀሰልን?"

"አንቱ የቀበሌው ታፔላ ሲነሳ እራት አልበላም ብለው የለ? ሚስትዎ ነግረውኛል።"

ዳኛው ሳቃቸውን ዋጡ።

"ሰውየው ከልጃቸው ሌላ ያላቸው እሱ ነው" አሉ አዴ። "እድርተኛ ናቸው። የሁላችንን ለቅሶ ደርሰዋል። ብቻቸውን ከስልክ ከሚሰሙ እንደ ወጉ ይነገራቸው።"

እንደ ወጉ ማለት ጎህ ሲቀድ ነው። መርዶ የሚነገረው ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ነው፤ የሚደግፈው ሰው፣ የሚቀመስ ነገርም አብሮ ይመጣል። ለእኔም ጥሩ መሰለኝ። ልባቸውን የሚይዝላቸው ሰው ይኖራል ብዬ ደስ አለኝ።

ዛሬ ነገ ሲባል ቆይቶ፣ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ንጋት ላይ መጡ። በሩን ከፈትኩላቸው። አዴ ንፍሮ ይዘዋል። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እንደ ሌላው ጠዋት አካም ቡልታን፣ እንዴት አደራችሁ፣ ያለ የለም። ዘበኛው ቢወድቁ ሊይዛቸው ከኋላቸው ቆመ። አባባ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ቢደክምም የተዘቀዘቀ ነጠላ አልጠፋቸውም። እዚህ አገር አርጅተው መርዶን እንዴት አያውቁም!

የልጃቸውን ስም ጠሩ። ቀጥለው ጮኹ። ሽማግሌ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ደረታቸውን ይዘው ሲንሸራተቱ ዘበኛው በብብታቸው ያዛቸው።

"እሷ አይደለችም!" አሉ አዴ። "ልጅዎ ደህና ናት! ክለቡ ነው! የሞተው ክለቡ ነው!"

አልሰሙም። ስሟን እየጠሩ ይጮኻሉ። ደወልኩላትና ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረግሁት። ከእንቅልፏ ነቅታ "አባዬ?" ስትል ጸጥ አሉ። ብዙ ጊዜ እንድትናገር አደረጓት። ስልኩን ሲመልሱልኝ ፊታቸው በእንባ ርሷል።

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ክለቡ ከስሮ ፈርሷል" አሉ ዳኛው፣ ያዘጋጁት ንግግር ሁሉ ጠፍቷቸው።

"እግዚአብሔር ይመስገን!" አሉ አባባ። ሳቁ። "ክለቡ ብቻ ነው! ክለቡ ብቻ!" የዳኛውን እጅ ይዘው ሳሙት።

ሰዉ ሁሉ እፎይ አለ።

"አባባ፣ ሊገድሉኝ ነበር እኮ!" አለ ዘበኛው ወገቡን ይዞ። "ሲያዩዎት ቀጭን ነዎት፣ ክብደትዎ የበሬ ነው!"

ንፍሮውን በሉ። ሁለተኛም አስጨመሩ። ጎረቤቶቹ በሰላም አለቀ ብለው ሄዱ፤ እኔም እንደዚያው ነበር ያሰብኩት።

ከዚያ ቀን በኋላ ግን ወሬያቸው ቆመ። ውሃ ስጪኝ፣ መጋረጃውን ዝጊው፣ ይኸው ነው። መስከረም ገብቶ ጨዋታ የሚጀመርበት ቅዳሜ ሲደርስ ውሃ አሙቄ መላጫ ይዤ መጣሁ። እጄን ገፉት። ስልኩን አወጣሁ።

"አዲሱን ልክፈትልዎ?"

"ማንን ልስማ?" አሉ። "አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው በዚያ በረዶ ላይ ነው። እኔ ሞተ ሲሉኝ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ሰምተሽኛል። ሁላችሁም ሰምታችሁኛል።"

"ስለ ልጅዎ ደንግጠው ነው እንጂ" አልኩ።

"አውቃለሁ። የነበረኝን ለቅሶ ግን ያን ጠዋት ለእሷ ጨረስኩት። አሁን ለእሱ ላልቅስ ብል የለም። ሞክሬያለሁ።"

አዴ ይህን ሲሰሙ በእንባ መጡ። ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ "እንደገና እንቀመጥለት፣ ጎረቤቱን ልጥራ፣ ስለ ክለቡ ያጫውቱን" ብለው ለመኗቸው። አባባ አዴን ስለሚያከብሩ ቀና ብለው ተቀመጡ። ለመናገርም አፋቸውን ከፈቱ። ጠበቅን። አዴ ሊረዷቸው "በባልዲ ውሃ ያፈሱ ነበር ብለውኝ የለ?" አሉ።

"ይመስለኛል" አሉ አባባ፣ ተመልሰውም ጋደም አሉ።

ልጃቸው በየሳምንቱ ትደውላለች። "ስለ ክለቡ አዝኗል?" ትለኛለች። "ዝም ብለዋል" እላታለሁ። አሁን ምግብ በማንኪያ ነው የማጎርሳቸው፤ ቅዳሜም እንደ ሌላው ቀን በጊዜ እንተኛለን።