የተሰማ ቀበቶ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ እንኳ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ የገደፍኩትን ጦም ሁሉ ስዘረዝር ኖሬ ይህችን አንዷን ዘልያታለሁ። ባሌን ጨውና ቅቤ ያበላሁት እኔ ነኝ። እያወቅሁ ያበላሁት እኔ ነኝ።

ባሌ ተሰማ በንጉሡ ዘመን ነገሌ ቦረና የፖሊስ ሃምሳ አለቃ ነበር። የምንኖረው ካምፑ ውስጥ፣ ግድግዳ ለግድግዳ በተያያዙት ቤቶች ነው። በዚያ ካምፕ የሴት ሙያ የሚለካው በባሏ ቀበቶ ነበር። ወንዱ ሲወፍር ቀበቶው ጫፍ ላይ አዲስ ቀዳዳ ይበሳል፤ ያን ጊዜ ሚስቲቱ ትመሰገናለች። የተሰማ ቀበቶ አጥሮት በረዥም ሲለወጥ እኔ እንደ ተሾመ ሰው ነበር የተንጎራደድኩት። እኔም ብሆን ከውፍረቴ የተነሳ በበር የምገባው ወደ ጎን ዞሬ ነበር።

ከዚያ ራስ ምታቱ መጣ። የክሊኒኩ ድሬሰር ክንዱን አስሮ ለካውና ሁለታችንንም አስቀምጦ ነገረን። ደም ብዛት ነው፤ ጨው፣ ቅቤና ጮማ ይቅርበት፣ ይክሳ፣ አለዚያ አንድ ቀን ይጥለዋል አለ። ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብዬ የማመካኝበት ነገር የለኝም።

ተሰማ ፈራ። ልጃችን አልማዝ ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች።

"ይህችን ልጅ ሳልድር አልሞትም" አለኝ።

ጨው የሌለውን ወጥ ሳያጉረመርም በላ። ሱሪው ሰፋው። አንድ ቅዳሜ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ቀበቶውን ከድሮው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባ አድርጎ በሚስማር በሳው፤ ደስ ብሎት ነበር። እኔ ግን የማየው ፊት ለፊት የተቀመጡትን ሴቶች ዓይን ነበር።

ቅቤ የምታመጣልኝ የቦረና ሴት እንኳ "አካም፣ ናጋ?" ብላ በኦሮምኛ ሰላም ካለችኝ በኋላ፣ ቅቤ መግዛት የተውኩት ባሌ ሞቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ። በማርያም ማኅበር ቀን ደግሞ የሻምበሉ ባለቤት እትዬ በላይነሽ፣ የካምፑ ሴት ሁሉ የምንፈራቸው፣ ሰው እየሰማ ተናገሩኝ።

"አስካለ፣ አንቺ እየወፈርሽ ባልሽ የሚከሳው ድርሻውን ማን እየበላበት ነው?"

ሴቶቹ ሳቁ። ሐኪም ከልክሎት ነው ብዬ መመለስ አቅቶኝ ነበር? አላቃተኝም። አፈርኩ እንጂ። በማግስቱ ወጡ ላይ ትንሽ ጨው ጨመርኩ። ሰንበት ብዬ ቅቤም ጨመርኩ። ይህ ምን ይሸታል ሲለኝ ቅመሙ ነው አልኩት። ያንን ሰው ዓይኑን እያየሁ ዋሸሁት።

"ያለ ጨው እንኳ እንዲህ ይጣፍጣል፤ እጅሽ ይባረክ" አለኝ።

ሳቅሁ። እንዴት ብዬ ሳቅሁ?

ቀበቶው ወደ ድሮ ቀዳዳው ተመለሰ። ተሰማ ግራ ገባው፤ ጥፋቱን በራሱ አድርጎ እራቱን ቀነሰ። እኔ በቀነሰው ላይ ቅቤ አበዛሁ። እትዬ በላይነሽ አሁን ገና ሰው መሰለ ብለው አመሰገኑኝ፣ እኔም ጎንበስ ብዬ ምስጋናውን ተቀበልኩ።

አንድ ቀን ተሰማ ሰልፍ ላይ ወደቀ። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፣ አንደበቱም ተሳሰረ። ዓመታት አልጋ ላይ ሲቆይ ያጎረስኩት እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ ጨው አልነበረበትም። አፉ ትንሽ ሲፈታ ሊጠይቁት ለሚመጡት ሁሉ የሚናገረው አንድ ነገር ነበር።

"አስካለ ከጨው ከቅቤ ጠብቃኛለች። የኔ ዕድል ነው።"

አልማዝን ሳይድር ሞተ። እሷ ግን ይህን ቃሉን እየሰማች አደገች።

ሴቶቹ አሳፈሩኝ፣ አገሩ እንዲያ ነበር ልበል? አልልም። እነሱ ሳቁ እንጂ ድስቱን አልከፈቱም። ድስቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ።

ዛሬ እኔም ደም ብዛት አለብኝ። የምታበስልልኝ አልማዝ ናት።

"ጨው የለበትም እማዬ፤ አንቺ ለአባዬ እንዳደረግሽለት ነው" ትለኛለች።

ሳልቀምስ አምናታለሁ። እሱም እንዲሁ ነበር የሚያምነኝ። ለእናንተ መናገሬ እንኳ ለሷ መናገር ስለፈራሁ ነው፤ ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልልም። ትናንትም ሳህኑን ስታቀርብልኝ እጅሽ ይባረክ አልኳትና በላሁ።