ትኽአና የውሻዋ ከረጢት

ትኽአ በሩጫ እንጀራ የበላ ሰው ነው። ከደርግ የሸሸበትን ሩጫ ማለቴ አይደለም፤ እሱንማ ሁላችንም ሮጠናል፣ ለንደን ከገባን ወዲህም ሌላ ወሬ የለንም። ትኽአ የሮጠው ከውሻ ጋር ነው። ያውም በደመወዝ።

በንጉሡ ዘመን ምጽዋ ላይ ፊታውራሪ ሳህሉ የሚባሉ ሹም ነበሩ። አገሩን ለቆ ከሚሄድ ጣሊያን ዲያና የምትባል የወፍ ውሻ ገዙ። የወፍ ውሻ እንደ ግቢ ውሻ አትጮኽም፣ አታባርርም። ወፉ የተደበቀበትን ቁጥቋጦ አሽትታ ታገኝና አንድ እግሯን አንስታ፣ ጅራቷን ገትራ ቀጥ ትላለች። ባለጠመንጃው ቀረብ ብሎ ወፉን አስነሥቶ ይተኩሳል፤ ሲወድቅ እሷ ሮጣ በአፏ ታመጣለታለች። ከባሕር ማዶ በርሮ ምጽዋ በረሃ ላይ የሚያርፈውን ድርጭት ጣሊያኖቹ በዚህ ዓይነት ሲለቅሙት ኖረዋል።

ፊታውራሪ ግን ውሻ በአፉ የያዘውን አይበሉም። ሞቶ የተገኘውንም አይበሉም፤ ነፍሱ ሳትወጣ በስመ አብ ተብሎ መታረድ አለበት። እንግዲያው ውሻዋ ትቅር ያላቸው አልነበረም። ሰው ቀጠሩ። ከጊንዳዕ የወረደ ረጅም፣ ቀጭን ጎረምሳ፣ ስሙ ትኽአ። ሥራው ጠመንጃው ሲጮኽ ከዲያና ጋር እኩል ተነሥቶ እሷን ቀድሞ መድረስ ነው። ከቀደመ ድርጭቷ እዚያው ታርዳ ነጩ ከረጢት ውስጥ ትገባለች፤ የፊታውራሪ ማዕድ ሆነች ማለት ነው። ዲያና ከቀደመች ድርጭቷ እግሯ ታስሮ ጆንያው ከረጢት ውስጥ ትጣላለች፤ የውሻዋ ራት ሆነች። ጆንያው የከበደ ቀን ደግሞ ፊታውራሪ ተሸናፊውን በእንግዳ ፊት ይሰድቡታል።

ሰውን ከውሻ አሽቀዳድሞ፣ ሰውየው ተሸነፈ ብሎ የሚቆጣ ጌታ። ይህን በ"ደጉ ዘመን" ናፍቆት ለሚያለቅሱልን ሁሉ በየስብሰባው ቢነበብላቸው ደስ ይለኝ ነበር። ትኽአ ግን ሲተርከው ይስቃል። ዲያና በቀጥታ ሩጫ አትደረስም፤ አሸዋ ላይ መታጠፍ ስለማትችል ግን ወፏ ስትወድቅ የሚያዘነብላትን ክንፍ አይቶ በጎን የሚቆርጥ ሰው ይቀድማታል ይላል። ይህን እንደ ትልቅ ምሥጢር ነው የሚነግርህ፤ ዛሬ ማታ የሚያስፈልግህ ይመስል።

ማታ ማታ ሁለቱን ከረጢት በወጥ ቤቱ በር በኩል ያስረክብ ነበር። የምትቀበለው የወጥ ሠሪዋ ልጅ ኣበባ ናት። መቀበሉ ቀስ በቀስ ረዘመ፣ ረዘመና ሠርግ ሆነ። ሁለቱም አፋቸውን የፈቱት በትግርኛ ነው፤ ትውውቃቸው ግን በፊታውራሪ ግቢ በአማርኛ ስለተጀመረ ፍቅራቸውም ጭቅጭቃቸውም በአማርኛ ቀረ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ፊታውራሪን ደርግ ወሰዳቸው፤ ሰውን ከውሻ ጋር ስላሽቀዳደሙ ሳይሆን ፊታውራሪ ስለሆኑ። ደርግ ሲፈርድ ጥፋትህ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም ነበር። ምጽዋ የጦር ሜዳ ስትሆን ባልና ሚስት በእግራቸው ሱዳን ገቡ፣ ከሱዳን ለንደን። ስትሪትሃም የሚባል ሰፈር ከአንድ ጫማ ጠጋኝ ሱቅ በላይ ያለች ቤት አገኙ። ትኽአ ፓርክ ሮያል ዳቦ ፋብሪካ ገባ፣ ኣበባ ቢሮ ትጠርግ ጀመር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ካምደን አዳራሽ ተከራይተን እንሰበሰባለን። ስንገባ አንድ ሕዝብ ነን፣ ስንወጣ አራት ድርጅት። ትኽአን አንዱ ወገን ኤርትራዊ ነህ ብሎ ይጠረጥረዋል፣ ሌላው ወገን አማርኛ ታበዛለህ ብሎ ይጠረጥረዋል። እሱ ወንበሩን ይደረድራል፣ ሲያልቅ ይሰበስባል። ከድርጅት መሪዎቻችን አንዱ የሆነው ደረጄ ባገኘው ቁጥር፣ "ትኽአ፣ ዛሬስ ውሻዋ ቀደመችህ?" እያለ ሰው ያስቅበታል። ለሰፊው ሕዝብ ታገልኩ የሚል ሰው፣ ሰፊው ሕዝብ ወንበር ሲያነሳ ይስቅበታል። እንዲህ ነበርን።

ኣበባ ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ ያረገዘችው በዚህ ዘመን ነው። አረገዘችና ምግብ እምቢ አላት። ሐኪሙ የደም ማነስ ነው ብሎ ክኒን ሰጣት፤ ክኒኑንም አስመለሰችው። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እንዳፈረች ሁሉ አንገቷን ደፍታ፣ ድርጭት አማረኝ አለችው። የምጽዋዋን ድርጭት።

ጎረቤታቸው ሮማንወርቅ ይህን ስትሰማ ቀበቶዋን ጠበቅ አድርጋ ተነሣች። የእርጉዝ አምሮት ካልወጣ ልጁ ምልክት ይዞ ይወለዳል፣ እናቲቱም ትጎዳለች አለች፤ ይህንንም ያወቀችው ከአክስቷ ልጅ ግንባር ነው። ትኽአ በነጋታው ሀብታሞች የሚገበዩበት ሱቅ ሄዶ በረዶ የሆነች ድርጭት በላስቲክ ተጠቅልላ ገዝቶ መጣ። ኣበባ በሁለት ጣቷ አንሥታ አገላብጣ አየቻት።

"ማን ነው ያረዳት?"

"እኔ ምን አውቄ፣ ፋብሪካ ነው።"

"በማን ስም?"

ድርጭቷ ለሮማንወርቅ ድመት ተሰጠች። ኣበባ ግን ትንሽ አዘነችለትና ከሜዳ የተነሣች፣ በገዛ ክንፏ የበረረች፣ በደንቡ የታረደች ትሁን እንጂ የድርጭት ዘመድ ቆቅም ብትሆን ይበቃኛል አለችው። የነቢያት ጾም ሊገባ ደግሞ አንድ ቅዳሜ ብቻ ቀርቷል። ጾም ከገባ በኋላ ኣበባን ሥጋ የሚያስቀምስ ቄስም ሐኪምም የለም።

ትኽአ ጭንቀቱን ፋብሪካው ሻይ ቤት ለጆርጅ አወጋው። ጆርጅ ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ መኪና የሚነዳ፣ ቀይ ፊት ያለው፣ ሰኞ ስለ ቅዳሜ፣ ዓርብም ስለ ቅዳሜ ብቻ የሚያወራ ሰው ነው። ኬንት ገጠር ውስጥ ገበሬ ወንድም አለው፣ ጠመንጃ አለው፣ ዴዚ የምትባል ነጭና ቡናማ የወፍ ውሻ አለችው። ሚስትህ ቆቅ ከፈለገች ቆቅ ነው እንጂ ምን ችግር አለው አለና በቫኑ ይዞት ሊሄድ ተስማሙ። ስለ በስመ አብና ስለ ውሻ አፍ ትኽአ አልነገረውም። በዚያ እንግሊዝኛ ከየት ይጀምራል?

ቅዳሜ ጠዋት ስንዴው ታጭዶ ሥሩ ብቻ የቀረ ሰፊ ማሳ ላይ ወረዱ። ሰማዩ ተደፍቷል። ዴዚ አፍንጫዋን ዘርግታ ወዲያ ወዲህ ስትል ቆየችና በድንገት ቀጥ አለች፤ እግር ተነሥቷል፣ ጅራት ተገትሯል። ጆርጅ ተራመደ፣ ቆቆቹ ግር ብለው ተነሡ፣ ተኮሰ፣ አንዷ ወደቀች።

ትኽአም ተነሣ። ማንም ሳይጠራው፣ እግሩ ራሱ ነው የተነሣው። በፓርክ ሮያል የሥራ ቦቲ፣ ካፖርቱን እያራገበ ከዴዚ ጎን ለጎን ማሳውን ተያያዘው። ጆርጅ አፉን ከፍቶ ቀረ። ዴዚ እየሮጠች ዞር ብላ ትኽአን ታየዋለች፤ እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሟት አያውቅም። ቀደመችው። ወፏም በአፏ ውስጥ ሞታ ነበር።

በሁለተኛው ተኩስ በጎን ቆረጠ። አሸናፊው እሱ ነበር፤ ብብቱ ሥር ሊከታት ደረሰ። ግን ጥይቱ ጭንቅላቷን መቷት ኖሮ እሷም ሞታለች። ቢላውን መልሶ ኪሱ ከተተ። ጆርጅ እየተንገዳገደ መጣና የኔ ወንድም፣ ለዚህ እኮ ነው ውሻ የምናሳድገው አለው። ከዚያ ጠመንጃ ፊት መሮጥ እንደሚያስገድል ቆጣ ብሎ ነገረው። ትኽአ አንገቱን ነቀነቀ፤ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወዲያ ጆርጅ ጠመንጃውን እስኪያወርድ ይጠብቃል፤ ያኔ ይነሣል። ዝናቡም ጀመረ።

በመጨረሻው ተኩስ የወደቀችው ቆቅ ክንፏ ብቻ ነበር የተሰበረው። ትኽአ አየ፤ ወደ ግራ አዘነበለች። ጠመንጃው ሲወርድ በጎን ቆርጦ ሮጠ፣ በእርግጥም ቀድሟት ነበር፣ ግን የኬንት ጭቃ የምጽዋ አሸዋ አይደለም። ቦቲው ከዳውና በሆዱ ተዘረጋ። ዴዚ በላዩ ዘልላ አለፈች። ተነሥቶ ሳይጨርስ ተመልሳ መጣች፤ ከጌታዋ ይልቅ እሱ ለአፏ ስለቀረበ ይሁን፣ ወይ ያን ያህል ሲሮጥ አይታው አዝናለት ይሁን፣ ወፏን በጭቃማው መዳፉ ላይ አኖረችለት። በሕይወት አለች። ልቧ ይመታል።

ትኽአ ተንበርክኮ ቢላውን አወጣ።

"ጆርጅ፣ ምሥራቅ የት ነው?"

ጆርጅ ዝናቡን እያየ፣ ሰውየውን እያየ፣ በጠመንጃው ጫፍ ወደ ወንድሙ አሣማ ቤት አመለከተው። ትኽአ ወደ አሣማ ቤቱ ዞሮ በስመ አብ ብሎ አረዳት። ጆርጅ ፊቱን አዞረ። ቀኑን ሙሉ ለጨዋታ ሲተኩስ የዋለ ሰው ቢላ አስፈራው። በዚህ ላይ ብዙ ማለት እችል ነበር፤ ግን ሰውየው ቤንዚኑን ችሎ፣ ሳንድዊቹን አካፍሎ ስለመለሰው ልተወው።

በመንገድ ሁሉ ትኽአ ነገሩን ሲያወጣ ሲያወርድ ነበር። ወፏ በደንቡ ታርዳለች። ግን ውሻ በአፏ ይዛታለች። ጥርስ አልነካትም፣ ላባዋ አልተነጨም፣ የሚያውቅ ሰው የለም። ዝም ቢል ኣበባ ትበላለች። ቢናገር ይህችም ለድመት ትሄዳለች፣ ጾሙ ይገባል፣ ሚስቱ እየመነመነች ትቀራለች። ስለ እውነት ስብከት የሚሰጡ ሰዎች እንዲህ ባለ ቫን ውስጥ ተቀምጠው አያውቁም። ስትሪትሃም እስኪደርስ ዝም ለማለት ወስኖ ነበር።

በሩን ከፈተችለት። ከግንባሩ እስከ ቦቲው ጭቃ ብቻ የሆነውን ባሏን አየች፣ እጁ ላይ ያለችውን አየች። ወስዳ አሸተተቻት፣ ዐይኗ ውኃ ሞላ። ምንም አልጠየቀችውም። እሱ ግን ፊቷን ሲያይ አልቻለም።

"ኣበባ፣ አርጃታለሁ፣ በስሙ ነው የታረደችው። ግን ... ውሻዋ ቀደመችኝ። በአፏ ነው የመጣችው።"

ኣበባ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ ግድግዳው ላይ ተደግፋ እስክትደክም ሳቀች፤ ሮማንወርቅ ምን ሆነች ብላ ከላይ ወረደች።

ነገሩ ሲወጣ እንዲህ ሆነ። በፊታውራሪ ወጥ ቤት ከነጩ ከረጢት ለሠራተኛ አንዲት ክንፍ እንኳ አትወጣም፤ ማዕዱ ተቆጥሮ ይገባል፣ ተቆጥሮ ይወጣል። ጆንያውን ግን የሚጠይቅ የለም፣ የውሻ ነዋ። የኣበባ እናት በሕይወት የመጡትን ከወጥ ቤቱ ጀርባ በስመ አብ ብላ ታርድና ለልጇና ለገረዶቹ ትሠራለች፤ ለዲያና አጥንቱንና እንጀራ ፍርፋሪ ታቀርብላታለች። ኣበባ በዕድሜዋ የበላችው ድርጭት ሁሉ ዲያና የቀደመችበት ነው። ትኽአ ሲያሸንፍ ጦሟን ታድራለች። ማታ ማታ በሩ ላይ ቆማ፣ አምላኬ ዛሬ ውሻዋ ታሸንፍ እያለች ትጸልይ ነበር።

ትኽአ ጭቃውን እንደለበሰ ወንበር ላይ ተቀመጠ። በዚያ በረሃ ሳንባው እስኪቃጠል የሮጠው ሩጫ ሁሉ የሚወዳትን ልጅ ምግብ ለፊታውራሪ ሲቀማ እንደነበር አሁን ገባው። እኔ ብሆን ፊታውራሪን ከከርቸሌ አስወጥቼ እንደገና አስገባቸው ነበር። እሱ የጠየቀው ሌላ ነው።

"ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?"

ኣበባ ቆቋን እየነጨች ነበር፤ እጇ ያን ሥራ አልረሳውም።

"ብነግርህ ቀስ ብለህ ትሮጥ ነበራ" አለችው። "ቀስ ብለህ ብትሮጥ ያባርሩሃል። ከዚያ ማታ ማታ በሩን የሚያንኳኳልኝ ማነው?"