ይሻው መኪናውን የገዘተ ጊዜ

ባሌ ይሻው ሌባ ፈርቶ አያውቅም ነበር። እንዲፈራ ያደረግሁት እኔው ዝናሽ ነኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት የመሥሪያ ቤት ሾፌር ሆኖ የሰው መኪና ሲነዳ ኖረና፣ ጡረታ ሲወጣ አንዲት ያረጀች ቀይ የቤት መኪና ገዛን። ገዛን ማለቴን ልብ በሉልኝ። ግማሹ እሱ ያጠራቀመው ነው፤ ግማሹ አባቴ እብናት ላይ የሰጡኝ ሁለት ላሞች ናቸው። በእሷ ከደብረ ታቦር ገሳይ ሰው እያመላለሰ ነው የምንኖረው። እንደ ፈረስ «ዳማ» ብሎ ስም አውጥቶላታል። ጠዋት ተነስቶ እኔን «እንደምን አደርሽ» ከማለቱ በፊት ለእሷ ውኃ ይሞላላታል፣ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፣ ግንባሯን በእጅጌው ይጠርጋል። ጣውንት ከሆነች አይቀር ይችኛዋ ትሻለኛለች፤ እንጀራ አትበላ፣ ነገር አታመላልስ ብዬ ዝም አልሁ።

አንድ ቀን ሻሼን ውስጧ ረሳሁት። ይሻው ቁልፉን ይዞ ወጥቷል። እስቲ ልሞክር ብዬ የልብስ ሳጥኔን ቁልፍ ብሰካው፣ ቀጭ! በሩ ተከፈተ። ሲመጣ እየሳቅሁ አሳየሁት። እሱ ግን አልሳቀም። ቁልፌን ተቀብሎ መሪው ሥር ሰካና ጠመዘዘው። ዳማ ያለ አንዳች ማመንታት ተነሳች።

«በሳጥን ቁልፍ!» አለ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። «ዝናሽ፣ ይኼን ነገር ማንም እንዳይሰማ።»

እኔም ከጎረቤቴ ከሠናይት በቀር ለማንም አልተናገርሁም። ለሠናይት የነገሩት ግን ቅዳሜ ገበያ ደረሰ ማለት ነው። በዚያው ሳምንት ደግሞ ከአንድ ግሮሰሪ በር ላይ አሮጌ መኪና ተሰረቀ ተባለና ይሻው እንቅልፍ አጣ። ድመት ኮሽ ባለች ቁጥር ብድግ ይላል።

ተያይዘን ወደ ነጂብ ሄድን። ነጂብ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ልጅ ነው፤ እጁ የተባረከ።

«ጋሼ ይሻው፣ ያለው ሦስት ነገር ነው» አለ። «የሚጮኽ አላርም፣ መሪ የሚቆልፍ ብረት፣ አለዚያ የተደበቀ ማብሪያ። እኔን ከጠየቁኝ ለአሮጌ መኪና ማብሪያው ይሻላል። ርካሽ ነው። ሌባው ቁልፍ ቢያገኝ እንኳ ማብሪያውን ካልተጫነ ሞተሩ አይነሳለትም።»

«ሽቦዋን ልትቆርጥ ነው?»

«ትንሽ ብቻ።»

«ሆዷን አላስቀድድም!» አለና ተቆጣ።

አላርሙን ለሙከራ ወሰድን። አውራ ዶሮ ኮፈኗ ላይ ሲወጣ ትጮኻለች፣ የጭነት መኪና ሲያልፍ ትጮኻለች፣ ነፋስ ሲነፍስ ትጮኻለች። ደብረ ታቦር ደግሞ ነፋስ መቼ ጠፍቶ! በሦስተኛው ቀን ሠፈርተኛው «ምነው ሌባው ወስዶ በገላገለን» ማለት ጀመረ። አላርሙ ተመለሰ። የመሪውን ብረት ዋጋ ሲሰማ ደግሞ «በዚህ ብር ዘበኛ እቀጥራለሁ» ብሎ ወጣ። ዘበኛም አልቀጠረ።

ከዚያ የሚካኤል ማኅበር ተራው የእኛ ቤት ደረሰ። የነፍስ አባታችን መምሬ አስናቀ ጸሎቱን አድርሰው፣ ቀምሰው፣ ሌላ ቤት ስለሚጠበቁ ቀደም ብለው ተነሡ። እሳቸው ቢቆዩ ኖሮ ይኼ ሁሉ አይመጣም ነበር። ይሻው ሦስተኛውን ጠላ እንደ ጨረሰ ብድግ አለ።

«ጎረቤቶቼ፣ ስሙኝ! ከዛሬ ጀምሮ ያችን መኪና ከእኔ በቀር እጁን ያሳረፈባት ሰው በቅዱስ ሚካኤል የተገዘተ ይሁን!»

አንዱ «አሜን» ሲል ሌላው ተከተለ። እኔ ማንቆርቆሪያ ይዤ ቆሜ ነበር። ከእኔ በቀር! ሁለቱ ላሞቼ ዓይኔ ላይ መጡ። ሃያ ስምንት ዓመት አብሬው ስኖር እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ግን እንግዳ ፊት ባል አይሰደብም፤ ጠላዬን መቅዳት ቀጠልሁ።

እንግዳው ሲሄድ ደስታው ቅጥ አጣ። «አየሽ ዝናሽ? አንዲት ሳንቲም ሳላወጣ!»

«አየሁ» አልሁት።

በማግሥቱ ተሳፋሪ ጠፋ። እኛ ዘንድ በግዝት የሚቀልድ የለም። ይሻው በሩን ራሱ ከፍቶ «ግቡ፣ እኔ እዘጋዋለሁ» ቢልም የሚገባ አልተገኘም። ዘወትር የሚያመላልሰው ሲሳይ የሚባል የገሳይ መምህር፣ «ጋሼ፣ እጄንስ ኪሴ ውስጥ አደርገዋለሁ፤ ቂጤን የት ላድርገው?» ብሎት ባጃጅ ፍለጋ ሄደ። መናኸሪያው በሳቅ ፈረሰ። አራት ቀን ሙሉ ዳማ ባዶዋን ቆማ ዋለች።

በአምስተኛው ቀን ብርዱ የጉድ ነበር፤ ባትሪዋ ደክሞ አልነሳም አለች። ደጃችን ላይ አምስት ጎረምሳ ቆሟል፤ አምስቱም እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በሐዘኔታ ያዩታል። ይሻው ከኋላዋ ሆኖ ሲገፋ፣ ሮጦ መሪ ሲይዝ፣ ተመልሶ ሲገፋ ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

«ዝናሽ፣ ነይ ግፊ እንጂ!»

«እኔ?» አልሁት ከበሩ ሳልነቃነቅ። «ከአንተ በቀር ተብሏል እኮ።»

«አንቺን ማለቴ አይደለም!»

«ሚካኤል ፊት ስሜን አልጠራህም። ለሷ ብዬ የአባቴን ላሞች ሸጫለሁ፤ አንተ ግን ከሌባው ጋር ደመርኸኝ። አዝኜብሃለሁ ይሻው።»

ጎረምሶቹ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። ወንድ ልጅ አንዳንዴ የተናገረውን የሚሰማው ከሳምንት በኋላ ነው።

ይሻው ኮቱን ደርቦ ወደ መምሬ አስናቀ አመራ፤ እኔም ከኋላው ተከተልሁ። መምሬ ነገሩን አስቀድመው ሰምተዋል፤ ሠናይትም የሳቸው የንስሐ ልጅ ናት።

«ስማ ይሻው» አሉት። «ለመገዘት ማን ሥልጣን ሰጠህ? ደግሞስ ቅዱስ ሚካኤልን የመኪና ዘበኛ ታደርገዋለህ?»

«ሌባውን ብዬ ነው፣ አባቴ።»

«ሌባው አልሰማህም። የሰማችህ ሚስትህ ናት።»

አንገቱን ደፋ። ሰባት ቀን ጠዋት ጠዋት እየመጣ አርባ አርባ እንዲሰግድ አዘዙትና በመስቀላቸው ባርከው «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉት። መንገድ ላይ «የነጂብ ማብሪያ ይግባ በቃ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ይግባ፤ የት እንደሚገባ ግን የምመርጠው እኔ ነኝ» አልሁት። ለመከራከር ወኔ አልነበረውም።

ይሻው ሊሰግድ በሄደ ጠዋት ነጂብን አስጠራሁት።

«እትዬ ዝናሽ፣ የት ላድርገው?»

«ከሾፌሩ ጎን ያለው የእኔ መቀመጫ ነው። ከሥሩ አድርገው፤ በተረከዜ የምደርስበት ቦታ። ለሱ ደግሞ እንዳትነግረው።»

ነጂብ እስኪያስለው ሳቀ። «ወላሂ፣ አልናገርም» አለና የደከመውን ባትሪ ቻርጅ አድርጎ ሥራውን ጀመረ።

ይሻው ከስግደት ጉልበቱን እያሸ መጣ። ቁልፉን ቢጠመዝዝ ዳማ ዝም። ዳሽቦርዱን ደባበሰ፣ መሪውን ዞሮ ፈተሸ፣ ዝም። ወደ እኔ ዞረ። እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ቀስ ብዬ ገብቼ፣ ተቀምጬ፣ በተረከዜ ተጫንሁት። ቁልፉን ደግሞ ቢጠመዝዘው እርርር አለች።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት በመጣ ቁጥር «ዝናሽዬ! ነይ ዳማን አስነሽልኝ!» ይላል። ዝናሽዬ! ከሠርጋችን ሳምንት ወዲህ ያልሰማኋት ስም! አንዳንድ ቀን አስነስቼለት እወርዳለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ አብሬው ገሳይ ደርሼ እመለሳለሁ። መንገዱን ሁሉ ስናወራ እንሄዳለን። ባለ ውለታ እንደሆንሁ እየተሰማኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ኮራሁ።

ሁለት ወር እንዲህ ሆነ። ከዚያ የእህቴ የጌጤ ልጅ ክርስትና ደረሰና እብናት መሄድ ነበረብኝ።

«ማብሪያውስ?» አለ ይሻው አውቶቡስ ላይ ሲሸኘኝ።

«እስክመለስ ትረፍ» አልሁት። ቂሜ ሙሉ በሙሉ አልወጣም ነበር መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን እቃዬን ጠቅልዬ አውቶቡስ ልጠብቅ ስነሳ፣ ከጌጤ አጥር ውጭ የማውቀው ጥሩምባ ጮኸ። ብወጣ ይሻው ነው፤ ዳማ አቧራ ለብሳ ቆማለች። ከደብረ ታቦር እዚህ ድረስ!

«በምን አስነሳኻት?» ብዬ ጮኽሁ። «ነጂብ ነገረህ?»

«ኧረ ነጂብ ምስኪን ምንም አላለ» አለ ይሻው ራሱን እያከከ። «በገባ በሦስተኛው ቀን ምንጣፏን ሳራግፍ አገኘሁት።»

«ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ምን ብለህ ነው የምትጠራኝ?»

ወደ ጎማዋ አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ አየ።

«እንድትመጪ ነዋ።»

ጌጤ ከኋላዬ እልል ብላ ሰፈሩን አናወጠችው። እኔ ዓይኔ እንባ ሞልቶ፣ «አንተ ውሸታም!» ብቻ አልሁ። እቃዬን ተቀብሎ ኋላ ጫነ፣ በሩን ከፈተልኝ፣ ገብቼ መቀመጫዬ ላይ ተቀመጥሁ። እሱም ገባና ቁልፉን ሰክቶ እጁን ጭኑ ላይ አደረገ።

«ምን ትጠብቃለህ? አትሄድም?» አልሁት።

«አስነሽልኝ እንጂ፣ ዝናሽዬ» አለ።