ምናለበት ስኳር አለበት

እታፈራሁ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው ስትወጋ የኖረች ሴት ነበረች። አዋሳ ውስጥ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር፣ የእሷን መርፌ ያልቀመሰ መቀመጫ ፈልጎ ማግኘት ይቸግር ነበር። ጤና ረዳት ናት፤ ቀጭን፣ ደረቅ፣ ቀልድ የማይገባት የምትመስል፣ ግን አሳምሮ የሚገባት። ባል አግብታ ፈትታለች፣ ልጅ አልወለደችም። ያላት አንድ ውሻ ነበር፤ ስሙም ምናለበት።

ስሙን ያወጣችው ለጎረቤት ነው። ባሏን በፈታች ሰሞን ሰፈሩ «ብቻዋን እንዴት ልትኖር ነው?» እያለ ሲያንሾካሹክ ቡችላ አመጣችና በሯ ላይ ቆማ «ምናለበት! ና፣ ምናለበት!» እያለች መጣራት ጀመረች። የሰማም ሰማ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ፤ ቡችላውም አርጅቶ አፉ ዙሪያ ሸበተ።

በሰባ አምስት ዓ.ም. ክረምቱ እንደወጣ ምናለበት ውሃ ማብዛት ጀመረ። የራሱን ጣሳ ይጨርስና የጎረቤት ባልዲ ያማትራል። ይበላል፣ ይከሳል። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ድረስ ወርዶ አባ ኮዳ ከሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች ጋር በዓሣ አንጀት ሲሻማ የኖረ ውሻ መንገድ መሃል ቁጭ ብሎ ማለክለክ አመጣ። እታፈራሁ «እርጅና ነው» ብላ ተወችው። አንድ ጠዋት ግን ግቢዋን ስትጠርግ፣ ምናለበት እግሩን ያነሳበት የአጥር እንጨት ሥር ጉንዳን ተሰልፎ አየች። ትናንት የሸናበትም ቦታ እንደዚያው፤ ከትናንት ወዲያ የሸናበትም እንደዚያው። መጥረጊያዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

ሽንቱን በቆርቆሮ ተቀብላ ክሊኒክ ወሰደችው። ስኳር የሚመረመርበትን ሰማያዊ ፈሳሽ ጨምራ በእሳት አሞቀችው። ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ፤ አረንጓዴው ቢጫ፤ ቢጫው ጡብ መሰለ። ይህን በሰው ሽንት ስንት ጊዜ አይታዋለች! በውሻ ግን አይታም ሰምታም አታውቅም። «ለካ እኛም እነሱም የአንድ እጅ ሥራ ነን» አለች ለራሷ። እሷ በዚህ ሁሉ ዓመት ልምዷ ያላወቀችውን ጉንዳን ቀድሟት ማወቁ ሲደንቃት ሰነበተ።

የከብት ሐኪሙ ታምሩ ገና ከትምህርት የወጣ ልጅ እግር ነው። ካርድ አውጥቶ «ስሙ ማን ነው?» አላት።

«ምናለበት።»

«እሱንማ መርምረን እንደርስበታለን፣ እትዬ። ስሙን ነው የጠየቅኩዎት።»

ሲገባው ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ግን አልቆየም። ታምሩ ውሻውን ዳበሰ፣ ዓይኑን ገልጦ አየ፣ የእሷንም ምርመራ ደገመው። «ስኳር ነው። እኔ መጽሐፍ ላይ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም» አለ፤ ድምፁ ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው ድምፅ ነበር። «ኢንሱሊን ካላገኘ ሁለት ወር አይሞላውም። ለእንስሳ ተብሎ የሚመጣ ኢንሱሊን ደግሞ አገራችን ውስጥ የለም።»

ለሰው የሚመጣው ግን አለ፤ የክሊኒኩም ማቀዝቀዣ ቁልፍ እሷ ኪስ ውስጥ ነው። ለሰውም ቢሆን አይበቃም፤ ከሻሸመኔ ድረስ መጥተው ባዶ እጃቸውን የሚመለሱ ነበሩ። አንድ ቀን ሁሉም ለምሳ ሲወጡ ማቀዝቀዣውን ከፍታ አንድ ጠርሙስ አነሳች። መዳፏን ቀዘቀዛት። ከዚያ ግን ባዶ እጃቸውን የሚመለሱት ሰዎች ፊት አንድ በአንድ መጣባትና መልሳ አስቀመጠችው። ምሳዋንም ሳትበላ ዋለች።

ቅዳሜ የቀበሌው ሱቅ ስኳር ገባ ተባለ። ሁለት ወር የጠፋ ስኳር ነውና ሰልፉ ጥግ ዞሮ ነበር። ከፊቷ የቆመችው ብዙነሽ «ውሻሽ ምነው እንዲህ ከሳ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ስኳር አለበት።»

ወሬ እግር የለውም፣ ግን ይሮጣል። «ውሻዋ ስኳር አለበት» የሚለው ወደ ኋላ ሲተላለፍ ሰልፉ መሃል «ውሻዋ ጋ ስኳር አለ» ሆነ፤ ጅራቱ ላይ ሲደርስ «እታፈራሁ ስኳር ደብቃ ውሻዋን ታልሳለች» ተባለ። እሷ አንድ ኪሎዋን ይዛ ቤት ሳትደርስ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ኩማ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ በሯ ላይ ቆሟል። ነገሩ አሁን ያስቃል፤ ያኔ ግን «የኢኮኖሚ አሻጥር» ተብሎ የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም ነበር። ጎረቤትም ሊያይ አጥሩን ከቦታል።

«ስኳሩን ያሳዩን» አላት ኩማ።

«ይምጡ ላሳይዎት» አለችና ወደ አጥሩ ወስዳ ጉንዳኖቹን አሳየችው። በሽታውን እንደምታውቀው አስረዳችው። ኩማ መሣሪያውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ቁጢጥ አለ፤ ጉንዳኑን እያየ ብዙ ቆየ።

«ይኼ ሁሉ ከውሻው ውስጥ ነው የወጣው?»

«ከራሱ።»

«አጃኢብ ነው እኮ! እኛ ከወንጂ አጥተን!» ብሎ ቆቡን አወለቀ። «አሁን ሪፖርቱ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ስኳር ተገኝቷል፣ ሊወረስ ግን አልተቻለም ብለው ይጻፉ።»

ጠባቂዎቹ በሳቅ ፈረሱ፤ አጥሩን የከበበውም ሳቀ። ያልሳቀች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ፈትያ የልብስ ሰፊው የሙክታር ሚስት ናት፤ ሙክታር ስኳር ነበረበት፤ ጠዋት ጠዋት የምትወጋውም እታፈራሁ ነበረች። ባለፈው ሐምሌ ግን ከስኳሩ በፊት ልቡ ቀድሞት ሞተ። ፈትያ ውዱዬ፣ የሶላት ትጥበቴ፣ ይበላሽብኛል ብላ በዚያ ውሻ ምክንያት የእታፈራሁን ግቢ ረግጣ አታውቅም፤ ጉዳይ ሲኖራት ከአጥር ውጭ ነው የምትጣራው።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላም ከውጭ ተጣራች። በእጇ ትንሽ እንስራ ይዛለች፤ ውስጡ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ውሃው ውስጥ በላስቲክ የታሰሩ ሦስት የኢንሱሊን ጠርሙሶች።

«የሙክታር ናቸው፤ ወንድሙ ከአዲስ አበባ የላከለት። ክሊኒክ ብወስዳቸው ቀኑ አልፎበታል፣ ለሰው አይሆንም ብለው መለሱብኝ» አለች። «ልደፋው ብዬ እጄ እምቢ አለኝ፣ እታፈራሁ። ሙክታር ሳይኖረው የተረፈ ቀን ነው እኮ። ለማንም ይሁን፣ ይኑረው።»

እንስራውን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ወደ ኋላ ሸሸች፤ ምናለበት እየመጣ ነበርና። እታፈራሁ እንስራውን አቅፋ ገባች። ያን ሁሉ ሰው የወጋች እጅ በዚያው ምሽት የመጀመሪያዋን መርፌ ለውሻዋ ያዘች።

በአራተኛው ቀን ውሃ መጠጣቱን ቀነሰ። በሁለተኛው ሳምንት ሐይቁ ዳር ወርዶ አባ ኮዳዎቹን አባረረ። ጉንዳኖቹም አጥሩን ትተው ሄዱ። መርፌው ሲቀቀል ሲሰማ ማንም ሳይጠራው ይመጣና አንገቱን ዘርግቶ ይተኛል። ፈትያ አርብ አርብ ከጸሎት በኋላ ልትጠይቀው ትመጣለች፤ እሱም በሩ ድረስ ይወጣና አንድ እርምጃ ሲቀረው ይቀመጣል። ከዚያ አያልፍም። ማን እንዳስተማረው እታፈራሁ እስከ ዕለተ ሞቷ አላወቀችም፤ ባወራችው ቁጥር ግን ድምፅዋ ዝቅ ይል ነበር።

ሦስተኛው ጠርሙስ በጥር አለቀ። ሌላ አልተገኘም። ምናለበት ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ኖረ፤ በዘጠነኛው መነሳት አቃተው። አርብ ነበር። ፈትያ በሩ ላይ ብትጠብቅ፣ ብትጠብቅ የሚወጣላት የለም። ያኔ ነጠላዋን ሰብስባ ያን ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባች።

አጠገቡ ቁጢጥ ብላ እጇን ዘረጋች። ምናለበት ራሱን ማንሳት አልቻለም፤ ምላሱን አውጥቶ መዳፏን ላሰው።

«ፈትያ፣ እጅሽን…» አለች እታፈራሁ ደንግጣ።

«ተዪው። ይታጠባል።»

እስኪበቃው አስላሰችው። ከዚያ ተነስታ እንደ ሃይማኖቷ ሥርዓት ሰባት ጊዜ ታጠበች፤ አንዱን በአፈር፣ ስድስቱን በውሃ፤ እታፈራሁ እያስታጠበቻት፣ እሷ እየቆጠረች። ስትጨርስ እጇን አላደረቀችም። ተመልሳ ውሻው አጠገብ ተቀመጠችና ያንኑ የታጠበ እርጥብ እጇን ራሱ ላይ አኖረችው።